ጎረቤቶቹ የሚመሰክሩለት ጋላክሲ

እ.ኤ.አ. ሜይ 6 ቀን 1783 ፈረንሳዊው የሰማይ ተመራማሪ ፒየር ሜሼን በርሊን ለነበረው ለዮሃን በርኑሊ ደብዳቤ ጻፈ። ከደብዳቤው ጉዳዮች አንዱ እርማት ነበር። የሥራ ባልደረባው ሻርል ሜሲየ ባሳተመው የደብዛዛ ብርሃኖች መዝገብ ላይ 102ኛ ሆኖ የሰፈረው ከ101ኛው ጋር አንድ ነው፤ በስህተት ሁለት ጊዜ ተመዝግቧል አለ። ቀጥሎ መዝገቡ ውስጥ ስላልገቡ ጥቂት ሌሎች ብርሃኖች አነሳ። አንዱ አሰድ በተባለው የከዋክብት ምድብ ውስጥ የሚገኝ ነው። እዚያው አካባቢ ቀደም ሲል ያገኛቸውን ሁለት ብርሃኖች ሜሲየ መዝግቦለታል። ከእነሱ ጥቂት ወደ ሰሜን ግን ሦስተኛ አለ፣ ከሁለቱም ይበልጥ ይደምቃል፣ ያገኘውም ማርች 24 ቀን 1781 እንደሆነ ሜሼን አስታወቀ።

ደብዳቤው በርሊን በሚወጣ የሥነ ፈለክ ዓመታዊ መጽሐፍ ላይ ታተመ። ሜሲየ ግን መዝገቡን አስፍቶ ዳግም አላሳተመም፤ ሜሼንም ወደ ሌላ ሥራ ተጠራ። የሜትርን ርዝመት ለመወሰን ከደንከርክ እስከ ባርሴሎና ያለውን የምድር ቅስት ከለኩት ሁለት ሰዎች አንዱ እሱ ነው። ልኬቱን ወደ ደቡብ ሊያራዝም ስፔን ሳለ በ1804 በቢጫ ወባ ሞተ። (ከዚህ በኋላ የሚጠቀሱት ዓመታትም በሙሉ እ.ኤ.አ. ናቸው።) ያንን ብርሃን ዊልያም ሄርሸል በ1784 እንግሊዝ አገር ሆኖ በራሱ ፍለጋ አገኘው። በ1888 በወጣው ትልቁ አጠቃላይ መዝገብ ላይም ኤንጂሲ 3379 የሚል መለያ ተሰጠው። የሜሼን ስም ከእሱ ጋር የተያያዘው ገና ብዙ ቆይቶ ነው።

ያያያዘችው በካናዳ በቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ ትሠራ የነበረችው ሄለን ሶየር ሆግ ናት። ዋና ሙያዋ በሉላዊ የከዋክብት ክምችቶች ውስጥ ብርሃናቸው ከፍ ዝቅ የሚል ከዋክብትን ማጥናት ነበር። የቆዩ ጽሑፎችን ማገላበጥም ትወድ ነበር። በ1947 ደብዳቤውን መሠረት አድርጋ፣ ሜሼን የጠቀሳቸው ብርሃኖች ከ105 እስከ 107 ያሉትን ቁጥሮች ይዘው ወደ ሜሲየ መዝገብ እንዲገቡ ሐሳብ አቀረበች። የሜሼን ሦስተኛ ብርሃን ከታየ ከ166 ዓመት በኋላ ኤም 105 ሆነ።

የከተማ መብራት በማይደርስበት ቦታ፣ መስታወቱ 20 ሴንቲ ሜትር ገደማ በሆነ ቴሌስኮፕ ኤም 105ን ሲመለከቱት መጀመሪያ የሚታየው ክብ ጭጋግ ነው። መሐሉ ኮከብ ሊመስል እስኪደርስ ይደምቃል። ከዚያ ብርሃኑ ወደ ዳር ቀስ እያለ ይሳሳና የት ላይ እንዳበቃ ለመናገር ያስቸግራል። ክንድ የለው፣ ጥምዝ የለው፣ የአቧራ ጥቁር መስመር የለው። ዓይን ጨለማውን እየለመደ ሲመጣ ግን ብቻውን እንዳልሆነ ይታወቃል። እዚያው ዕይታ ውስጥ በስተምሥራቅ በኩል ሁለተኛ፣ ረዘም ያለ ጭጋግ አለ፤ ኤንጂሲ 3384 ነው። ትንሽ ታግሰው ዓይንዎን ከቦታው ጥቂት ገለል አድርገው ካዩ ደግሞ፣ በስተደቡብ ምሥራቅ ሦስተኛ፣ እጅግ የደከመ ብርሃን ብቅ ይላል፤ ኤንጂሲ 3389። ሦስቱ ትንሽ ሦስት ማዕዘን ሠርተው ይቀመጣሉ።

የአንድ ቤት ልጆች ይመስላሉ፤ ሦስተኛው ግን እንግዳ ነው። ኤም 105 ከእኛ በሰከንድ 900 ኪሎ ሜትር ገደማ ፍጥነት ይርቃል፣ ኤንጂሲ 3384 ደግሞ በ700 ገደማ። ኤንጂሲ 3389 ግን 1,300 ይደርሳል። ሁለቱ ከእኛ ወደ 35 ሚሊዮን የብርሃን ዓመት ገደማ ርቀት ላይ ሲሆኑ፣ ሦስተኛው የዚያን እጥፍ ያህል ርቆ ከበስተጀርባ የሚታይ ነው። ሰማይ ጥልቀቱን በዓይን አያሳይም፤ የጋላክሲን ዘመዶች ለይቶ ማወቅ ራሱን የቻለ አድካሚ ሥራ የሆነው ለዚህ ነው። እውነተኛዎቹ ዘመዶች ቀድመው የተመዘገቡት ጠመዝማዛዎቹ ኤም 95 እና ኤም 96፣ አጠገቡ ያለው ኤንጂሲ 3384፣ ከሰሜን በኩል ኤንጂሲ 3377፣ ከእነሱም ጋር በርካታ ትናንሽ ጋላክሲዎች ናቸው። ስብስቡ የኤም 96 ቡድን ወይም ሊዮ 1 ቡድን ይባላል። የአባላቱ ቁጥር እንደ ቆጣሪው ይለያያል፤ ስምንት የሚሉ አሉ፣ እስከ 24 የሚያደርሱትም አሉ።

ኤም 105 ሞላላ ጋላክሲ ነው። ኤድዊን ሀብል በ1926 ጋላክሲዎችን በቅርጻቸው ሲመድብ፣ ሞላላዎቹን እንደ መርዘማቸው መጠን ከ0 እስከ 7 ደረጃ ሰጣቸው። ፍጹም ክብ ሆኖ የሚታየው 0 ነው፣ በጣም የተለጠጠው 7። ኤም 105 ደረጃው 1 ነው፤ ክብ ለመሆን ጥቂት የቀረው ማለት ነው። እንደ እኛው ፍኖተ ሐሊብ ዓይነት ጋላክሲ ውስጥ ከዋክብቱ በጠፍጣፋ ዲስክ ላይ በአንድ አቅጣጫ ይዞራሉ። ሞላላ ጋላክሲ ውስጥ ግን አብዛኞቹ ከዋክብት በየራሳቸው አቅጣጫ፣ እንደ ንብ መንጋ ወደ መሐል እየገቡና እየወጡ ይጓዛሉ። ከዋክብቱ ያረጁ፣ ወደ ቢጫና ቀይ ያደሉ ናቸው። አዲስ ኮከብ የሚወለድበት ቀዝቃዛ ጋዝ አልቆባቸዋል ማለት ይቻላል።

ከዚህ ዓይነት መካከል ኤም 105 የተለመደው፣ ደህናው፣ ጭምቱ ተብሎ የተመረጠ ነው። በ1979 ዤራር ደ ቮኩለርና ማሲሞ ካፓቾሊ ብርሃኑ ከመሐል ወደ ዳር እንዴት እንደሚቀንስ በጥንቃቄ ለክተው፣ ሌሎች ተመራማሪዎች መሣሪያቸውንና አሠራራቸውን የሚፈትሹበት መለኪያ እንዲሆን አቀረቡት። ከዚያ ወዲህ የሞላላ ጋላክሲዎችን ብርሃን ለመለካት አዲስ ካሜራ የያዘ ሰው ብዙ ጊዜ የሚጀምረው ከእሱ ነው። እኔን የሚገርመኝም እዚህ ላይ ነው። መለኪያ እስኪሆን ድረስ የተጠናው ይህ ጋላክሲ፣ ዋና ዋናዎቹ ምስጢሮቹ የተፈቱት እሱን ብቻ ትክ ብሎ በማየት አይደለም። ርቀቱን የነገረን ሌላ ጋላክሲ ነው፤ የአካባቢውን ታሪክ የነገረን በጋላክሲዎች መካከል የተዘረጋ ጋዝ ነው፤ ክብደቱን ለማወቅም ብርሃኑ ሊያልቅ ከተቃረበበት ዳር መሄድ ግድ ሆኗል።

የቡድኑን ቦታ ማወቅም ያስፈልጋል። ትልልቅ ሞላላ ጋላክሲዎች በብዛት የሚገኙት እንደ ቪርጎ ክላስተር ባሉ፣ ከሺህ በላይ ጋላክሲዎች በተጨናነቁባቸው ሰፈሮች ነው። ፍኖተ ሐሊብና አንድሮሜዳ ባሉበት በእኛ ቡድን ውስጥ አንድም ትልቅ ሞላላ ጋላክሲ የለም። ከአንድሮሜዳ ጎን ያለው ኤም 32 ሞላላ ነው፣ ግን ትንሽ ነው። ስለዚህ እንደ ኤም 96 ባለ አነስተኛ ቡድን ውስጥ፣ ያውም ከእኛ ብዙም ሳይርቅ፣ እንከን የሌለው ሞላላ ጋላክሲ መገኘቱ ለአጥኚዎች ትልቅ ዕድል ነው።

በርቀቱ እንጀምር። የሩቅ ጋላክሲን ርቀት ለመለካት ከሁሉ የታመኑት ሴፊድ የሚባሉ ከዋክብት ናቸው። ብርሃናቸው በቀናት ወይም በሳምንታት ልዩነት ከፍ ዝቅ ይላል። ሄንሪዬታ ሌቪት በ1912 እንዳሳየችው፣ ምቱ በዘገየ ቁጥር ኮከቡ በእውነት የሚያመነጨው ብርሃን ይበዛል። ምቱን ቆጥሮ እውነተኛውን ድምቀት ማወቅ፣ ከዚያም ከሚታየው ድምቀት ጋር አነጻጽሮ ርቀቱን ማስላት ይቻላል። ችግሩ እንዲህ ያሉት ሴፊዶች ትልልቅና ወጣት ከዋክብት መሆናቸው ነው። ኤም 105 ያረጀ ነውና የሚለካበት ሴፊድ የለውም። ኤም 96 ግን ጠመዝማዛ ስለሆነ ወጣት ከዋክብት ሞልተውታል። በ1995 ናይል ታንቪርና ባልደረቦቹ በሀብል የጠፈር ቴሌስኮፕ የኤም 96ን ሴፊዶች አጥንተው ርቀቱን አወጡ፤ በዚያውም ዩኒቨርስ የሚሰፋበትን ፍጥነት አሰሉ። ያገኙት ቁጥር ዛሬ ብዙዎች ከሚቀበሉት ብዙም አይርቅም። ኤም 105 የዚያው ቡድን አባል ስለሆነ የኤም 96 ርቀት ለእሱም ሆነ። በ1998 ኤም 96 ውስጥ፣ በ2012 ደግሞ ኤም 95 ውስጥ ሱፐርኖቫዎች ሲፈነዱም፣ ርቀታቸው ቀድሞ መታወቁ ለአጥኚዎች ትልቅ ጥቅም ሰጥቷል።

ከሁሉ ይበልጥ የሚደንቀኝ ግን የቀለበቱ ታሪክ ነው።

በፖርቶ ሪኮ ኮረብታዎች መካከል ተተክሎ የነበረው የአሬሲቦ የሬዲዮ ቴሌስኮፕ 305 ሜትር ስፋት ያለው ሳህን ነበር። ሳህኑ ከቦታው አይንቀሳቀስም ነበር። ከላይ የተንጠለጠለውን መቀበያ በማንቀሳቀስ ከአናቱ 20 ዲግሪ ገደማ ያልራቀውን የሰማይ ክፍል ብቻ ያዳምጥ ነበር። የኤም 96 ቡድን መንገድ በዚያ ሳህን አናት አካባቢ የሚያልፍ ነበር። የሬዲዮ ተመራማሪዎች የሚሠሩት በማነጻጸር ነው። መጀመሪያ ጋላክሲው ላይ ያነጣጥራሉ፣ ቀጥለው እዚያው አቅራቢያ ባዶ ሰማይ ላይ። ሁለተኛውን ከመጀመሪያው ሲቀንሱ የመሣሪያው ጫጫታ ይወገድና የጋላክሲው ምልክት ብቻ ይቀራል። የሚፈልጉት ቀዝቃዛ የሃይድሮጂን ጋዝ በ21 ሴንቲ ሜትር የሞገድ ርዝመት የሚለቀውን ደካማ ሞገድ ነው። በ1983 ስቲቨን ሽናይደር፣ ጆርጅ ሄሉ፣ ኤድዊን ሳልፒተርና የርቫንት ቴርዚያን ያልጠበቁት ነገር ገጠማቸው። በፎቶግራፍ ላይ አንድም ጋላክሲ በማይታይበት፣ ባዶ መሆን በነበረበት ሰማይ ላይ ሃይድሮጂን አገኙ።

ነጥብ በነጥብ እየለኩ ሲሄዱ ጋዙ ቅርጽ አወጣ። ኤም 105ንና ኤንጂሲ 3384ን የከበበ፣ እዚህም እዚያም የተቆራረጠ ግዙፍ ቀለበት ነው። ከጫፍ እስከ ጫፍ 650,000 የብርሃን ዓመት ገደማ ይሆናል፤ ከፍኖተ ሐሊብ የከዋክብት ዲስክ ስፋት ከስድስት እጥፍ በላይ ማለት ነው። ውስጡ ያለው ሃይድሮጂን ሁለት ቢሊዮን ያህል ፀሐዮችን ይመዝናል። አንድ ዙር ለመጨረስ አራት ቢሊዮን ዓመት ገደማ ይፈጅበታል። ከቀለበቱ አንድ ቅርንጫፍ ወደ ኤም 96 ይዘረጋል። ይህን ሁሉ ጋዝ የሚያሳብቅ ከዋክብት ግን የለም ማለት ይቻል ነበር።

ታዲያ ከየት መጣ? ሁለት መላምቶች ተፋጠጡ። የመጀመሪያው ቀለበቱ ጥንታዊ ነው ይላል፤ ጋላክሲዎቹ ሲሠሩ ሳይገባ የቀረ፣ ከዩኒቨርስ መጀመሪያ የተረፈ ጥሬ ጋዝ። ይህ ብዙዎችን ያጓጓ ሐሳብ ነበር፤ እውነት ቢሆን ኖሮ ጋላክሲ ከምን እንደሚሠራ ጥሬ ዕቃውን በደጃችን ማየት በተቻለ ነበር። ሁለተኛው ደግሞ ጋዙ ከአንድ ጋላክሲ በግጭት የተዘረፈ ነው ይላል። በ2009 ዴቪድ ቲልከርና ባልደረቦቹ ጋሌክስ በተባለችው ሳተላይት አማካይነት ከቀለበቱ ጋዝ ውስጥ የወጣት ከዋክብትን አልትራቫዮሌት ብርሃን እንዳገኙ ሲያስታውቁ የመጀመሪያው ሐሳብ ጉልበት አገኘ። በዓመቱ በሊዮ ሚሼል-ዳንሳክ የተመራ ቡድን ሃዋይ ካለው የካናዳ፣ የፈረንሳይና የሃዋይ ቴሌስኮፕ በተገኘ ምስል ላይ የቀለበቱን የሚታይ ብርሃን አገኘ። በኮምፒዩተር ስሌትም ኤንጂሲ 3384 እና ኤም 96 ከ1.2 ቢሊዮን ዓመት ገደማ በፊት ፊት ለፊት ቢጋጩ እንዲህ ያለ ቀለበት ሊፈጠር እንደሚችል አሳየ።

ክርክሩን የሚፈታው የጋዙ ቅመም ነው። በዩኒቨርስ መጀመሪያ የነበረው ሃይድሮጂንና ሂሊየም፣ ከእነሱም ጋር ቅንጣት ያህል ሊቲየም ነው። ኦክስጅን፣ ናይትሮጂን፣ ሰልፈር በከዋክብት ውስጥ ተሠርተው በኋላ የተጨመሩ ናቸው። ስለዚህ ጋዙ ጥንታዊ ከሆነ ከእነዚህ የጸዳ መሆን አለበት። በ2021 ኤድቪጀ ኮርቤሊና ባልደረቦቿ ቺሊ ውስጥ በሚገኘው ቪኤልቲ በተባለው ቴሌስኮፕ ላይ የተገጠመውን ሚውዝ የተባለ መሣሪያ ተጠቅመው፣ በቀለበቱ ውስጥ ከዋክብት የሚወለዱባቸውን ጥቂት ስፍራዎች መረመሩ። ኦክስጅኑና ሌሎቹ ንጥረ ነገሮች በፀሐይ ውስጥ ካለው መጠን የተቀራረቡ፣ አንዳንዴም የሚበልጡ ሆነው ተገኙ። ያ ጋዝ በብዙ የኮከብ ትውልዶች ውስጥ ያለፈ ነው። ከአንድ ትልቅ ጋላክሲ ዲስክ ተነቅሎ የወጣ መሆኑን ለመቀበል እኔ ከዚህ በላይ ማስረጃ አልፈልግም። ጥሬው ጋዝ ባለመሆኑ የሚያዝን ይኖራል። ለእኔ ግን የተገኘው ይበልጣል፤ ከቢሊዮን ዓመት በፊት የሆነ ግጭት ዱካውን ሳይደብቅ መገኘቱ በትላልቅ ጋላክሲዎች ሰፈር ብዙ ጊዜ አይሆንም። በተጨናነቀ ክላስተር ውስጥ ቢሆን ኖሮ ቀለበቱን ሌሎቹ ቀድደው በበተኑት ነበር። ትንሽ ቡድን በመሆኑ ተረፈ።

ኤም 105 በዚያ ግጭት ውስጥ ዋና ተዋናይ ሆኖ አይታይም። ዛሬ ግን ቀለበቱን በስበታቸው የያዙት እሱና ኤንጂሲ 3384 ናቸው። የጋዙ ፍጥነት ታወቀ ማለት፣ የመካከሉ ክብደት ታወቀ ማለት ነው። ይህም ወደ ሌላው ትልቅ ክርክር ይወስደናል።

በ1970ዎቹ ቬራ ሩቢንና ሌሎች ጠመዝማዛ ጋላክሲዎችን ሲለኩ፣ ዳር ላይ ያሉት ከዋክብትና ጋዝ የሚዞሩት ከተገመተው በላይ በፍጥነት እንደሆነ አገኙ። የማይታይ ነገር በስበቱ ካልያዛቸው በስተቀር ተበትነው መሄድ ነበረባቸው። ያ የማይታየው ነገር ዳርክ ማተር፣ ስውር ቁስ ይባላል። በጠመዝማዛ ጋላክሲ ይህን መለካት ቀላል ነው፤ ዲስኩ ላይ ያለው ጋዝ በሥርዓት ስለሚዞር ፍጥነቱን ማንበብ ብቻ ይበቃል። ሞላላ ጋላክሲ ውስጥ ግን ሥርዓት ያለው ጋዝ የለም፤ ዳሩ ላይ ያሉት ከዋክብትም ፍጥነታቸው እንዳይነበብ እጅግ ደብዛዛ ናቸው።

መፍትሔው የተገኘው ከሚሞቱ ከዋክብት ነው። ፀሐይን የመሰለ ኮከብ ዕድሜው ሲያልቅ የላይኛውን ገላውን ወደ ውጭ ይለቃል፤ የቀረው ትኩስ አስኳል ያንን ጋዝ ያበራዋል። ፕላኔታዊ ኔቡላ ይሉታል፣ ከፕላኔት ጋር ግን ግንኙነት የለውም። የዚህ ጋዝ ብርሃን አስገራሚ ጠባይ አለው፤ ትልቅ ክፍሉ በአንድ ጠባብ አረንጓዴ መስመር ላይ፣ በ500.7 ናኖ ሜትር የሞገድ ርዝመት ይከማቻል። መስመሩ የሚወጣው ኤሌክትሮኖቹ ከተነጠቁበት ኦክስጅን ነው። በዚህ የተነሳ 35 ሚሊዮን የብርሃን ዓመት ርቆ ያለ አንድ ነጠላ የሚሞት ኮከብ፣ ከቢሊዮኖች መካከል እንደ አረንጓዴ ነጥብ ተለይቶ ይወጣል። ኮከቡ ወደ እኛ ሲመጣ ወይም ሲርቅ መስመሩ ጥቂት ወደ ሰማያዊ ወይም ወደ ቀይ ይሸሻል፤ ሽሽቱ ፍጥነቱን ይናገራል።

በካናሪ ደሴቶች፣ ላ ፓልማ ላይ ባለው 4.2 ሜትር የዊልያም ሄርሸል ቴሌስኮፕ ላይ የሚገጠም ለዚሁ ብቻ የተሠራ መሣሪያ አለ። የአንድን ሰማይ ሁለት ምስሎች በአንድ ጊዜ ያነሳል። በአንዱ ላይ ብርሃኑ ወደ ግራ ይበተናል፣ በሌላው ላይ ወደ ቀኝ። እያንዳንዷ አረንጓዴ ነጥብ በሁለቱ ምስሎች ላይ ቦታዋ ይለያያል፤ የልዩነቱ መጠን ፍጥነቷ ነው። ሥራው ሲታይ እጅግ ቀላል፣ ሲታሰብ እጅግ ብልህ ነው።

በ2003 አሮን ሮማኖቭስኪና ባልደረቦቹ በዚህ መሣሪያ ኤም 105ንና ሌሎች ተራ ሞላላ ጋላክሲዎችን ለክተው ውጤቱን ሳይንስ በተባለው መጽሔት ላይ አወጡ። አረንጓዴዎቹ ነጥቦች ከመሐል እየራቁ ሲሄዱ ፍጥነታቸው ይቀንሳል። የሚታዩት ከዋክብት ብቻ ቢኖሩ የሚጠበቀው ልክ እንደዚህ ነው። ስውር ቁሱ የት ሄደ? ማንኛውም ጋላክሲ በስውር ቁስ ክምር ውስጥ ተወልዶ ያድጋል የሚለው ሥዕል የተቃወሰ መሰለ።

በሁለት ዓመት ውስጥ በኢየሩሳሌሙ የዕብራይስጥ ዩኒቨርሲቲ አቪሻይ ደከልና ባልደረቦቹ ኔቸር ላይ መልስ ይዘው ወጡ። እንዲህ ያለ መሣሪያ የሚለካው ወደ እኛ የሚመጣውን ወይም ከእኛ የሚርቀውን ፍጥነት ብቻ ነው። ወደ ጎን የሚደረገውን ጉዞ አያይም። ሞላላው ጋላክሲ የተሠራው ዲስክ ያላቸው ጋላክሲዎች ተጋጭተው ሲዋሐዱ ከሆነ፣ ዳር ላይ ያሉት ከዋክብት ክብ መንገድ አይከተሉም። ከመሐል ተወርውረው ወደ ዳር ይወጣሉ፣ መልሰውም ወደ መሐል ይገባሉ። የጋላክሲው ዳር ላይ ስናያቸው አብዛኛው ጉዟቸው ለእኛ ወደ ጎን ነው። ፍጥነታቸው ሳይቀንስ የቀነሰ ይመስላል። ስውር ቁሱ አልጠፋም፤ የከዋክብቱ መንገድ ሸፍኖታል።

ይህ ትርጓሜ ብቻ አልነበረም፤ ሌሎች ምስክሮችም ተጠሩ። በኤም 105 ዙሪያ ያሉ ሉላዊ የከዋክብት ክምችቶች በጀሚኒ ቴሌስኮፕ ሲለኩ፣ ወደ ዳር ሲሄዱ ፍጥነታቸው እንደ አረንጓዴዎቹ ነጥቦች አልወረደም። በኋላ በተደረጉ የከዋክብት ብርሃን ጥናቶችም ስውር ቁሱ ቦታውን መልሶ ይዟል፤ ምን ያህል ነው የሚለው ግን እንደ ሞዴሉ ከፍ ዝቅ ይላል። የ2003ቱ ጽሑፍ ከንቱ ነበር የሚል ሰው ካለ አልስማማም። ጋላክሲው የተሠራበትን መንገድ በከዋክብቱ ጉዞ ውስጥ መፈለግ እንዳለብን ያስተማረ እሱ ነው።

ስለ መሐሉ ብዙ አልልም። በሀብል ቴሌስኮፕ ከመሐሉ አጠገብ የሚከንፉትን ከዋክብት የለኩ ሰዎች ግዙፍ ብላክ ሆል እንዳለ አረጋግጠዋል። ክብደቱ እንደ ስሌቱ ከ100 ሚሊዮን እስከ 400 ሚሊዮን ፀሐዮች ይደርሳል። የእኛው ጋላክሲ ብላክ ሆል አራት ሚሊዮን ገደማ ነው። ከዚሁ ጋር ሀብል አንድ ያልተጠበቀ ነገር አሳይቷል፤ ሞቷል የተባለው ጋላክሲ ውስጥ ጥቂት ወጣት ከዋክብት። በ10,000 ዓመት አንድ ፀሐይ የሚያክል ኮከብ ይወለድበታል ተብሎ ይገመታል፤ ፍኖተ ሐሊብ ያንን ያህል በዓመት ውስጥ ይወልዳል።

የእኛስ ዕጣ? ፍኖተ ሐሊብና አንድሮሜዳ ወደፊት ተዋሕደው አንድ ሞላላ ጋላክሲ ይሆናሉ የሚለው ትንበያ ለብዙ ጊዜ የተቆረጠ ነገር ተደርጎ ሲነገር ቆይቷል። በ2025 የወጣ ጥናት ግን በመጪዎቹ 10 ቢሊዮን ዓመታት የመዋሐዳቸውን ዕድል ወደ ግማሽ ገደማ ዝቅ አድርጎታል። ምክንያቱም ያው ጎረቤት ነው። ትልቁ የማጄላን ደመናና ኤም 33 የሁለቱን መንገድ በስበታቸው ስለሚያዛቡት፣ እነሱን ሳይጨምሩ ስሌቱን መጨረስ አይቻልም።

ኤም 105ን ማየት ለሚፈልግ የኢትዮጵያ ሰማይ የተመቸ ነው። ሜሼን ፓሪስ ላይ ሆኖ ከፍ ያለ ዕይታ ሲያገኝ እንኳ ከአድማስ 54 ዲግሪ ገደማ ነበር። አዲስ አበባ ላይ ግን ከአናት አራት ዲግሪ ባልሞላ ርቀት ያልፋል፤ ብርሃኑም ከባቢ አየርን የሚሻገረው በአጭሩ መንገድ ነው። በሚያዝያ ወር አጋማሽ ከምሽቱ 3 ሰዓት ገደማ አናት ላይ ይደርሳል፤ የበልግ ደመና ካስቸገረ በመጋቢት አጋማሽ ከምሽቱ 5 ሰዓት ገደማ መጠበቅ ይቻላል። ጨረቃ የሌለችበትን ሌሊት ይምረጡ። ሬጉለስ የተባለውን የአሰድን ደማቅ ኮከብ ያግኙ፤ ከዚያ በስተምሥራቅ ወዳለው ዴኔቦላ አቅጣጫ፣ ክንድዎን ዘርግተው በአንድ ጭብጥ ስፋት ይለኩ። በዓይን ብቻ አይታይም። አሥራ አምስት ሴንቲ ሜትር መስታወት ያለው ቴሌስኮፕ ይበቃል። ቴሌስኮፑን በዝቅተኛ ማጉያ ያስጀምሩ፤ ከአንድ ዲግሪ ባነሰ ርቀት ወደ ደቡብ ሲወርዱ ኤም 96ን፣ ከእሱ ትንሽ ወደ ምዕራብ ደግሞ ኤም 95ን ያገኛሉ።